አምስት ዋት

ሁለቱ ፒክአፖች ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን ተኝተዋል። አንደኛው 8,000 ዙር፣ ሁለተኛው 9,500 ዙር ሽቦ ተጠምጥሞበታል። ሽቦው ከአንድ ጥቅል የወጣ ነው፤ ማግኔቶቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሰም የጠጡትም በአንድ ድስት ነው። ቴስተሬ የመጀመሪያውን 6 ኪሎ ኦም፣ ሁለተኛውን 7.3 ኪሎ ኦም ብሎ ለየልኝ። ጆሮዬ ግን ሊለያቸው አልቻለም። አንዱን ጊታሩ ላይ ገጥሜ ተጫወትኩ፤ ፈትቼ ሌላውን ገጠምኩ፤ እንደገና ተጫወትኩ። ሁለቱም ብርድ ልብስ ተከናንበው የሚዘፍኑ ይመስሉ ነበር።

ፒክአፕ ሲባል አገር ቤት ቀድሞ የሚታየው ከኋላዋ ክፍት የሆነችው መኪና ስለሆነች፣ የትኛውን እንደምል ላስረዳ። በኤሌክትሪክ ጊታር ክሮች ሥር የምትቀመጥ፣ ከጣት ብዙ የማትረዝም ዕቃ ናት። ስድስት ትንንሽ የማግኔት ዘንጎች አሉ፤ በዙሪያቸው ውፍረቱ 0.063 ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ ይጠመጠማል። ፀጉር በሉት። 8,000 ዙር ሲጠመጠም ርዝመቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር ያልፋል። ከላይ የብረቱ ክር ሲርገበገብ የማግኔቱ መስክ አብሮት ይናወጣል፤ የመስኩ መናወጥ ሽቦው ውስጥ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይወልዳል። ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ያገኘው ሕግ ይኸው ነው። ጆርጅ ቢቻም የሚባል ጊታሪስት ደግሞ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1931፣ ሎስ አንጀለስ ላይ ሕጉን ወደ ጊታር አመጣው። ጊታሩ ከአሉሚኒየም የተሠራ፣ ክብ ሆዱና ረጅም አንገቱ መጥበሻ የሚመስል ስለነበር ስሙም መጥበሻ ሆኖ ቀረ። የፈጠራ መብቱን ወረቀት ያገኘው በ1937 ነው።

እኔ ይህን ሥራ የምሠራው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከሥራ መልስ፣ ቤዝመንት ውስጥ ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ቅዳሜ ማታ የሚጫወቱ ልጆች ጊታራቸው ሲጮህባቸው ወይም ዝም ሲልባቸው ያመጡልኛል። አንድ የተበጠሰ ፒክአፕ ፈትቼ እንደገና ከጠመጠምኩ በኋላ ነገሩ ልቤን ወሰደው። ሽቦው ጣቴ መሐል ሲያልፍ ያለው ስሜት የፈትል ዓይነት ነው፤ ትንሽ ከጠበቀ ይበጠሳል፣ ትንሽ ከላላ ይዝረከረካል። ያንን ሁሉ ልፋት ከለፋሁ በኋላ ሁለት የተለያዩ ፒክአፖች አንድ ሆነው ሲሰሙኝ ጥፋቱን በእጄ ላይ አደረግሁት። አንዱን አፍርሼ ደግሜ ጠመጠምኩ። ያው ነው።

ነገሩን ያዩልኝ አንድ አዛውንት ጊታሪስት ናቸው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ውስጥ በሆቴል ባንዶች ተጫውተዋል፤ ዋሊያስ በሂልተን፣ አይቤክስ በራስ ሆቴል በነበሩበት ዘመን። ሰዓት እላፊ ሲታወጅ የገባው ሰው ሳይወጣ፣ ባንዱም ሳያቆም እስከ ንጋት ይጫወቱ እንደነበር ብዙ ጊዜ አውርተውኛል። ያን ዕለት ጊታራቸውን ለማስጠገን መጥተው፣ ፒክአፖቹን የጊታሩን ድምፅ በሚያጎላው አምፕ ስሞክር ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ሲያዳምጡ ቆዩ።

«ልጄ፣ ይሄ አምፕ ለማን የተሠራ ነው?»

«ለኪቦርድም ለማይክም ይሆናል ጋሼ።»

«ለጊታር ግን አይሆንም። ቫልቭ ያለው ፈልግ።»

«ለምን? ድምፁ ስለሚሞቅ ነው?»

«ምክንያቱን አንተ ፈልገው። እኔ የማውቀው ጣቴ ሲሰማኝና ሳይሰማኝ ነው።»

ቫልቭ የሚሉት በድሮ ሬዲዮ ውስጥ ቀይ ሆኖ የሚበራውን የመስታወት ቱቦ ነው። እዚህ አገር ቲዩብ ይሉታል፤ የአዲስ አበባ የሬዲዮ ጠጋኞችና እሳቸው ቫልቭ ስለሚሉት እኔም ቫልቭ እላለሁ። የእሳቸውን ቃል ይዤ ፍለጋ ወጣሁ። የመደብኩት 300 ዶላር ነበር፤ ከዚያ በላይ ለመፈተሻ ብቻ ለሚሆን ዕቃ ማውጣት ከልጆቼ አፍ መንጠቅ መስሎ ታየኝ።

መጀመሪያ የገዛሁት አሳዘነኝ። ከፊቱ መስኮት አለው፤ በመስኮቱ ውስጥ ቫልቭ ብርቱካንማ ሆኖ ይበራል፤ ዋጋውም ከመደብኩት ግማሽ በታች ነው። ቤት አምጥቼ ስሰካው የድሮው አምፕ ታናሽ ወንድም ሆኖ አገኘሁት። ከሶኬት ነቅዬ፣ አሳድሬ፣ ከፈትኩት። ብርቱካንማው ብርሃን ከቫልቩ ሳይሆን ከሥሩ ከተተከለች ትንሽ መብራት ነበር የሚመጣው። ቫልቩ በእርግጥ ድምፁ መንገድ ላይ አለ፤ ግን ከ100 ቮልት በላይ ሊሰጠው የሚገባው ዕቃ የሚደርሰው ከ40 ቮልት ያነሰ ነው። ከሱ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ በትራንዚስተር ነው። መልሼ ሰጠሁት። ገንዘቤ ሲመለስልኝ አንድ ነገር ተማርኩ፤ «ቫልቭ አለው» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግረኝም። ስንት ቫልቭ፣ የትኛው ቦታ፣ በስንት ቮልት? ከዚያ ቀን ጀምሮ ከማየው አምፕ ሁሉ ቀድሜ የምጠይቀው እነዚህን ሦስቱን ሆነ።

ስዕሎችን ማንበብ ጀመርኩ። የአምፕ ስዕል፣ ማለትም ሽቦው ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ የሚያሳየው፣ ለለመደው ሰው እንደ ዜማ ምልክት ይነበባል። ካየኋቸው ሁሉ አጭሩና የገረመኝ በ1950ዎቹ መጨረሻ የወጣው የፌንደር ቻምፕ ነው። ሊዮ ፌንደር ካሊፎርኒያ፣ ፉለርተን ውስጥ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ ጊታር መጫወት አይችልም። የቻምፑ ስዕል የሬዲዮ ጠጋኝ እጅ ይታይበታል፤ ያለ ምክንያት የገባ ዕቃ የለም። አንድ 12ኤኤክስ7 ቫልቭ የጊታሩን ጥቂት ኤሌክትሪክ ያሳድጋል። አንድ 6ቪ6 ስፒከሩን ይነዳል። አንድ 5ዋይ3 የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥተኛ ይለውጣል። ኃይሉ 5 ዋት ያህል ነው፤ ስፒከሩ 8 ኢንች፤ ማዞሪያው አንድ ብቻ፣ እሱም የድምፅ መጠን። ቀጭኑን የሚጨምር፣ ወፍራሙን የሚቀንስ ሌላ ቁልፍ የለውም።

ይህን ሳይ አንድ ነገር ገባኝ። ለሙዚቀኛ ጉድለት የሚሆነው ለእኔ ጥቅም ነው። ሦስት የቃና ቁልፍ ያለው አምፕ ላይ ትናንት የት ላይ እንደተውኳቸው ካልጻፍኩ ዛሬ የምሰማው ፒክአፑን ይሁን ቁልፉን አላውቅም። እኔ የምፈልገው ድምፅ የሚያሳምር አምፕ አይደለም። ዛሬም ነገም ያው የሆነ፣ በመሐል ገብቶ የማያወራ ነው የምፈልገው።

የድሮው ቻምፕ ራሱ አሁን ሰብሳቢዎች እጅ ገብቶ ዋጋው ከአቅሜ በላይ ነው። ስዕሉን ተከትለው ዕቃዎቹን በካርቶን የሚሸጡ አሉ፤ ቁጭ ብዬ መበየድ እችል ነበር፤ ዋጋው ግን ከመደብኩት አለፈ። ከዚያ የቀሩት በፋብሪካ የተሠሩት ርካሽ ባለ 5 ዋቶች ናቸው። በኋላ የተሠራው የፌንደር ቻምፒዮን 600፣ 12ኤኤክስ7 እና 6ቪ6 ይዞ በ6 ኢንች ስፒከር ይወጣ ነበር። የኤፒፎን ቫልቭ ጁኒየር በ6ቪ6 ምትክ ኢኤል84 የሚባለውን ቀጭን ቫልቭ ይጠቀማል፤ ስፒከሩ 8 ኢንች፣ ቁልፉ አንድ። ቡጌራ ቪ5 እንደዚያው በኢኤል84 ይሠራል፤ ኃይሉን ወደ 1 ዋትና ከዚያም በታች ማውረጃ አለው። ከነዚህ ከፍ ያለው ብሉስ ጁኒየር 15 ዋት፣ 12 ኢንች ስፒከር ያለው ግሩም አምፕ ነው፤ ግን አምስት ቫልቭና በርካታ ቁልፍ ላነጻጽር በምፈልገው ነገር ላይ ይጨመሩብኛል።

አምስት ዋት ያንሳል የሚል ሰው ነበር። ጆሮ ግን ኃይልን እንደ ገንዘብ አይቆጥርም። ድምፅ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማን ኃይሉ ወደ አሥር እጥፍ ማደግ አለበት፤ 50 ዋት ለጆሮ ከ5 ዋት ሁለት እጥፍ ብቻ ነው። ቤዝመንቴ ውስጥ 5 ዋት ሲከፈት ከላይ ኩሽና የተደረደሩት ስኒዎች ይንቀጠቀጣሉ። አንድ ቁልፍ ያለውን፣ ያገለገለ፣ ከመደብኩት ገንዘብ ግማሹን ያህል በሆነ ዋጋ አገኘሁ።

ሰካሁት። ቫልቮቹ እስኪሞቁ ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠበቅሁ። ከዚያ የ8,000 ዙሩን ፒክአፕ መታሁት።

ብርድ ልብሱ ተገለጠ! የጥፍሬ ጫፍ ክሩን ሲነካ ያለው «ጭ» የሚል ድምፅ፣ ከዚያ የክሩ ደወል፣ ከዚያ ቀስ እያለ የሚሞተው ጅራት፣ ሁሉም አለ። ፈትቼ የ9,500ውን ገጠምኩ። ይኸኛው ደረቱ የሰፋ፣ ጫፉ የለዘበ ሆኖ ወጣ። ሁለቱ ፒክአፖች ሁለት ነበሩ። እጄ አላጠፋም። ያን ሌሊት ስምንት ሰዓት ድረስ ሳልተኛ ቆየሁ።

በማግስቱ ግን ጋሼ የጠየቁኝ ሳይሆን እኔ የጠየቅኋቸው ጥያቄ ቆረቆረኝ። ለምን? «ቫልቭ ስለሚሞቅ» የሚለውን መልስ ሁሉም ይሰጣል፤ እኔ ግን የሰማሁት ሙቀት አልነበረም። የሰማሁት ጥራት ነው፤ እንዲያውም ብርሃን። ሞቅ ያለ ነገር ጠብቄ ነበር፤ ያገኘሁት ከድሮው የጠራ ነው።

መልሱን ያገኘሁት በቴስተሬ፣ በማይጠበቅ ቦታ ነው። የድሮውን የኪቦርድ አምፕ መግቢያ ለካሁ፤ 22 ኪሎ ኦም። የአዲሱን ለካሁ፤ 1 ሚሊዮን ኦም። ቁጥሮቹን አይቼ ቁጭ አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፒክአፕ ደካማ ምንጭ ነው። ከእሱ ብዙ የሚቀዳ ሰው ከመጣ ይደርቃል፤ መጀመሪያ የሚደርቀው ደግሞ ቀጭኑ ድምፅ ነው። የጠመጠምኩት ሽቦ ራሱ ኤሌክትሪኩ በፈጠነ ቁጥር ይበልጥ ይከላከለዋል፤ ይህን ጠባይ ኢንዳክታንስ ይሉታል፣ መለኪያውም ሄንሪ ነው። የ8,000 ዙሩ 2.4 ሄንሪ፣ የ9,500ው 3.4 ሄንሪ ያህል ናቸው። 22 ኪሎ ኦም ሲቀዳባቸው ሁለቱም በሰከንድ 2,000 ጊዜ ከሚርገበገበው ድምፅ በታች ጀምረው ቀጭኑን መጣል ይጀምራሉ። ፒክአፕን ከፒክአፕ የሚለየው ጠባይ ደግሞ ያለው ከዚያ በላይ፣ በ3,000 እና በ6,000 መሐል ነው። እኔ ፊታቸው የተሸፈነ ሁለት ሰዎችን አቁሜ መልካቸውን ለማወዳደር ነበር የምለፋው። ይባስ ብሎ ብዙ ዙር ያለው በመግቢያው ላይ ይበልጥ ስለሚያጣ በጉልበት የነበረው ብልጫ እንኳ ጆሮ ልብ እስከማይለው ድረስ ጠበበ።

ቫልቩ ለምን አይቀዳም? የውስጡን ሥራ ማየት ያስፈልጋል። የጋለ ብረት ኤሌክትሮን ይተፋል፤ ማዶ ያለው ፕሌት የሚባለው ሰሌዳ በከፍተኛ ቮልት ይስበዋል። እስከዚህ ያለው ጆን ፍሌሚንግ በ1904 የሠራው ነው። በ1906 ሊ ደ ፎረስት በሁለቱ መሐል እንደ ወንፊት ያለ ሽቦ አስገባ፤ ግሪድ ይባላል። ግሪዱ አሉታዊ ሆኖ ስለሚቀመጥ ኤሌክትሮኖቹ አያርፉበትም፤ በአጠገቡ ያልፋሉ። ጊታሩ የሚገናኘው ከዚህ ወንፊት ጋር ነው። ወንፊቱ የጊታሩን ግፊት ብቻ ያነባል፤ ከሱ የሚወስደው የለም ማለት ይቻላል። በር ላይ የቆመ ዘበኛ በእጁ ምልክት ብቻ ስንት መኪና እንደሚያሳልፍ አስቡት፤ መኪናውን የሚገፋው እሱ አይደለም።

ስለዚህ ያ ሁሉ ብርሃን የመጣው ቫልቩ ከሚጨምረው ነገር ሳይሆን ከማይወስደው ነው። ይህን ለማረጋገጥ አንዲት ትራንዚስተር፣ ግሪድን የሚመስል መግቢያ ያላትን ዓይነት፣ በባትሪ ሠርቼ በድሮው አምፕ ፊት አቆምኩ፤ መግቢያዋን 1 ሚሊዮን ኦም አደረግሁት። የድሮው አምፕ ተፈወሰ። ቀጭኑ ድምፅ ተመለሰ። ለአንድ ሳምንት ያህል ቫልቭ ምን ያደርግልኛል ብዬ ራሴን ጠየቅሁ፤ የገዛሁትን ልመልስ ሁሉ አስቤ ነበር።

ያስቀረኝ ጠንክሮ መምታት ነው። በዝግታ ስጫወት ሁለቱ አምፖች ይቀራረባሉ። ስጠነክር ግን የቫልቩ አምፕ እጄን ተከትሎ ቀስ እያለ ይሻክራል፤ ድንበሩ እንደ ግድግዳ ሳይሆን እንደ ዳገት ነው። ባለ 8,000 ዙሩ ዳገቱ ጫፍ የሚደርሰው እጄን ስጥል ነው፤ ባለ 9,500ው ከወገቡ ይጀምራል። ፒክአፕ ሠሪ ይህን ሳይሰማ ዕቃውን ለሰው መስጠት የለበትም፤ ምክንያቱም ገዢው የሚኖረው እዚያ ዳገት ላይ ነው። ያንን የሚያሳየኝ ርካሹ ባለ 5 ዋት ነው፤ በትንሽ ድምፅ፣ ጎረቤት ሳይቀሰቅስ፣ ዳገቱን ይወጣል። ባለ 50 ዋቱ እዚያ እስኪደርስ ሕንፃው ይነቃል።

እዚህ ላይ ሥራው ያለቀ መስሎኝ ነበር። ዘጠኝ ፒክአፖች በልዩ ልዩ ዙር ጠምጥሜ ሰልፍ አደረግኋቸው፤ ሁልጊዜም ብዙ ዙር ያለው ያሸንፋል። ማስታወሻዬ ላይ «ሙሉ»፣ «ሕያው»፣ «የተሻለ» የሚሉ ቃላት ተደረደሩ። አንድ ቀን ግን ደካማውን ፒክአፕ ገጥሜ ቁልፉን ትንሽ ከፍ ሳደርገው ያው «ሙሉ» የሚለው ቃል አፌ ላይ መጣ። ደነገጥኩ። ፍሌቸርና መንሰን የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1933 ከቤል ላቦራቶሪ ያወጡት ጥናት ይህን ነው የሚለው፤ ድምፅ ሲቀንስ ጆሯችን ወፍራሙንና በጣም ቀጭኑን ይበልጥ ያጣል፤ ሲጨምር ይመለሱለታል። ስለዚህ ጮክ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። እኔ ሳወዳድር የነበረው ጩኸትን ነው።

የቁልፉ ዙሪያ ላይ ወረቀት ለጥፌ ለእያንዳንዱ ፒክአፕ የተለየ ምልክት አደረግሁ፤ ስልኬ ላይ የድምፅ መለኪያ አውርጄ ሁሉንም እኩል አደረግኋቸው። ከዚያ ማስታወሻዬን ከመጀመሪያው ጻፍኩ። ከጻፍኳቸው ልዩነቶች ግማሽ ያህሉ የሉም። የቀሩት ግን እውነተኞች ነበሩ፤ በተኛሁበትም ብትቀሰቅሱኝ የምለያቸው።

ከዚያ ኬብሉ መጣ። ይህ ክፍል አሁንም ሲታወሰኝ ያመኛል። በአንድ ማክሰኞ ማታ በጣም የወደድኩት ፒክአፕ ሐሙስ ማታ ደብዝዞ አገኘሁት። ቫልቩ ደከመ ብዬ ለወጥኩ፤ ዛሬ ቫልቭ በብዛት የሚሠሩት ሩሲያ፣ ስሎቫኪያና ቻይና ናቸው፣ ከየአገሩ አንድ አንድ አስመጥቼ ሞከርኩ። ትንሽ ልዩነት ሰማሁ፤ የጠፋውን ግን አልመለሱም። በመጨረሻ ማክሰኞ የተጠቀምኩት የ3 ሜትር ኬብል እንደነበር፣ ሐሙስ ግን ልጄ እሱን ወስዶት የ6 ሜትሩን እንደሰካሁ አስታወስኩ።

የጊታር ኬብል ውስጡ ሽቦ፣ ዙሪያው ሌላ ሽቦ ነው፤ በመሐላቸው ኤሌክትሪክ ያቁራል። አንድ ሜትሩ ወደ 100 ፒኮፋራድ ይይዛል። ይህ ቋት ከፒክአፑ ኢንዳክታንስ ጋር ተጣምሮ አንድ ጉብታ ይሠራል፤ በጉብታው ላይ ያለው ድምፅ ይጎላል፣ ከጉብታው በላይ ያለው ይቆረጣል። የፒክአፕ መልክ የምንለው በአብዛኛው ይህ ጉብታ የት ቦታ ላይ እንዳለና ምን ያህል እንደሾለ ነው። የፒክአፑን የራሱን ቋት ጨምሬ ወረቀት ላይ አሰላሁ። ባለ 8,000 ዙሩ በ3 ሜትር ኬብል ጉብታው 5,100 አካባቢ ነው። ባለ 9,500ው በዚያው ኬብል 4,300። አሁን ደግሞ ባለ 8,000ው በ6 ሜትር ኬብል፤ 3,900።

ሦስት ጊዜ ደግሜ አሰላሁት። ሦስት ሜትር ኬብል፣ እኔ ጣቴ እስኪደነዝዝ ከጠመጠምኩት 1,500 ዙር በላይ ድምፁን ይለውጠዋል። ለአምፕ ዓይነት ወራት ስጨነቅ፣ መሬት ላይ የተጋደመውን ኬብል ስረግጠው ነበር የኖርኩት። የሚያሳፍር ሳይሆን የሚያስደስት ግኝት ነው፤ ርካሽ ነገር ነውና። ማንም ሰው በነጻ ሊያስተካክለው ይችላል። አንድ ኬብል ምረጥ፤ ሁልጊዜ በእሱ ብቻ ስማ።

ስለ ስፒከሩ ባጭሩ ልናገር። በ8 ኢንች ስፒከርና በጠባብ ሣጥን ወፍራሙ ክር ግማሽ ነፍሱን ያጣል። አምፑ ከኋላው የስፒከር መውጫ ስላለው፣ አንድ ያገለገለ ባለ 8 ኦም፣ 12 ኢንች ስፒከር በሣጥን ገዝቼ አገናኘሁት። ከኪሴ ካወጣሁት ገንዘብ ሁሉ ብዙ ያገኘሁበት ይህ ነው። የስድስተኛው ክር ድምፅ ሲወጣ ያ ትንሽ አምፕ ምን ያህል ትልቅ እንደነበር ታወቀ። ለሚሞክር ሰው ግን ሁለት ነገር ሳልናገር አላልፍም። ቫልቭ አምፕ ያለ ስፒከር በፍጹም አይከፈትም፤ የውፅአት ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል። ሣጥኑንም መክፈት ልምድ ላለው ብቻ ነው፤ ከ300 ቮልት በላይ የሆነ ኤሌክትሪክ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ውስጥ ተጠራቅሞ ይጠብቃል፤ ሰው ይገድላል። መግቢያው ሁለት ከሆነ ደግሞ፣ እንደ ድሮዎቹ ፌንደሮች፣ ለፍተሻ የሚሆነው አንደኛው ነው። በሁለተኛው ፒክአፑን የሚጠብቀው ሸክም 136 ኪሎ ኦም ነው፤ የሚገባውንም ቮልት በግማሽ ይቀንሳል።

ጋሼ የተመለሱት በበጋው መጨረሻ ነው። ጊታራቸው ላይ ሁለት ፒክአፕ ገጥሜ በመቀያየሪያው እንዲመርጡ አዘጋጀሁ፤ የትኛው የቱ እንደሆነ አልነገርኳቸውም። ቁመታቸውን በብሎኑ አስተካክዬ ጩኸታቸውን እኩል አድርጌዋለሁ። አምፑን አብርቼ እስኪሞቅ ዝም ብለን ጠበቅን።

ትዝታ ጀመሩ። እንደ ማሲንቆ ነው የሚጫወቱት፤ ድምፁን መትተው ሳይሆን ከሥር ተንሸራተው ይደርሱበታል፣ ደርሰውም ያንቀጠቅጡታል። መቀያየሪያውን አንድ ጊዜ ወዲያ፣ አንድ ጊዜ ወዲህ አደረጉ። ከዚያ አንዱ ላይ ቀርተው ረጅም ጊዜ ተጫወቱ።

«ይሄ ይናገራል» አሉ፤ «ያኛውም ጥሩ ነው፤ ግን ያኛው ጣቴ ሲንሸራተት ይጠቀልለዋል። ይሄ መንገዱን ያሳያል።»

የመረጡት ባለ 8,000 ዙሩን ነበር፤ ደካማውን፤ ወር ሙሉ በማስታወሻዬ ላይ ከመጨረሻው ረድፍ ያስቀመጥኩትን። ጉብታው ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ጣት ክር ላይ ሲሄድ ያለችውን ሹክሹክታ አይቆርጣትም፤ በትዝታ ደግሞ ከድምፅ ወደ ድምፅ የሚኬድበት መንገድ ራሱ ዜማ ነው። ምክንያቱን ነገርኳቸው፤ ስለ ግሪዱ፣ ስለ 22 ኪሎ ኦሙ፣ ስለ 3 ሜትሩ። ሙሉውን አዳመጡኝ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ኬብሉን አነሡና በእጃቸው መዘኑት።

«ይህቺን ነው?»

«አዎ ጋሼ፣ እሷን ነው።»

ጠቅልለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧት። «ስም ጻፍባት» አሉኝ፤ «ለልጅህም አታውስ።»